ለሐረጉ የጨሰ ኩበት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ደጅ፣ ደብረ ታቦር ካለው ቤታችን ግድግዳ ሥር፣ ከሚጨስ ኩበት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ኩበቱ የሚጨሰው ለሐረጉ ነው። አክስቴ ጥሩዬ ከዓረብ አገር ስትመለስ ባሕር ዳር ላይ የገዛችው፣ ግድግዳ የሚያለብስ እሾሃም ቡገንቪላ ነበር። እናቴ ያኔ እዚያው ዓረብ አገር ቀርታለች። እናቴ የምትሠራበትን ቤት ግንብ እንዲህ ያለ ቀይ አበባ ሸፍኖት ስላየች ነው አክስቴ የገዛችው።

«ይኸ የቆላ ፍጥረት! የጉናን ውርጭ ሳይሰማ ነው የመጣ?» ብለው አያቴ ሳቁበት። ሆኖም ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሰማዩ በጠራ ምሽት ሁሉ፣ ለድንች ማሳቸው እንደሚያደርጉት ኩበት አቀጣጥለው እርጥብ ሣር እየጫኑ ያጨሱለት ጀመር፤ ጢስ ውርጭ ይመልሳል። እኛም ዓይናችን እያነባ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። አክስቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እላለሁ። ተረቷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ግንብ ውስጥ የምትኖር ሴት ሐረግ ታሳድጋለች፤ ሐረጉ ግንቡን ሲያልፍ በሱ ተንጠላጥላ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሴትዮዋ እናቴ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

«ዛሬ የት ደረሰች?» እላታለሁ።

«ያንተስ የት ደረሰ?» ትለኛለች ወደ ሐረጉ እያየች። «ጣራውን ሲነካ እናትህ ትመጣለች።»

አመንኳት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ውሃ አጠጣው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቆርቆሮውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው መጡ። እናቴ እዚያው ሞታለች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ፤ ኩበት ማጨስ ማንን ትዝ ይበለው? ሰማዩ ግን ጠርቶ አደረ። ከሰልስቱ በኋላ ወጥቼ ሳየው ሐረጉ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጎመን ጠውልጎ ጠቁሯል። ከመርዶው ይልቅ ያኔ ነው እናቴ እንደማትመጣ የገባኝ።

በዚያው ምሽት አያቴ ኩበት ታቅፈው መጡና ከሞተው ሐረግ ሥር አቀጣጠሉት።

«አባየ፣ ይተዉት እንጂ፤ ሞቷል እኮ» አለች አክስቴ።

«ለሱ መቼ ሆነና! ልጁ ተረት የሚሰማበት ይጣ?»

አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «ተረት ተረት» አለች። እኔ መመለስ አቃተኝ።

ያን ምሽት ምን እንደተረተች አላስታውስም። ዛሬም ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከማሳ የኩበት ጢስ ሲሸተኝ የምሰማው፣ ልጃቸው ስትቀበር እንኳ ያላዩት አያቴ፣ በእኔ ፈንታ «የላም በረት» ሲሉ ነው።