አልወፍር ያለው ቀለም

ኬሚስትሪ ተምሬ በተመረቅሁ በዓመቱ ነፋስ ስልክ ውስጥ አንድ አነስተኛ የቀለም ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የግድግዳ ቀለም እንዳይንጠባጠብ የሚያወፍረውን ነጭ ዱቄት ውኃ ውስጥ ማሟሟት ነበር። ውኃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል ተብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ዱቄቱን በርሜሉ ውስጥ ነሰነስኩና ማማሰያውን አስነሳሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ ውኃው ያው ውኃ ነው። ጨመርኩበት። በእንጨት ጨለፍ ባደርገው ኩልል ብሎ ወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» አልኳቸው አብረውኝ የሚሠሩትን ሰውዬ።

«እኔ ምን አውቄ? ሌላ ጊዜ ይወፍር ነበር።»

አሁንም ጨምሬበት ምሳ ልበላ ወጣሁ። ስመለስ ማማሰያው አልዞር ብሎ ሞተሩ ያቃስታል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ገንፎ ሆኗል።

«ምን አደረጉት ጋሼ?»

«ምንም! እንደ ወትሮዬ ቀለሙ ውስጥ የምንጨምረውን አሞኒያ ጠብ አደረግሁበት። ይልቅ አንቺ ምን አድርገሽው ነው የሄድሽው?»

እንደተፋጠጥን አለቃችን መጡ። በርሜሉን አይተው ወደ እኔ ዞሩና «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ አስረጂን» አሉኝ። ጨው እንዴት እንደሚሟሟ አውቃለሁ። እየሟሟ የሚያደባ፣ ዘወር ሲሉለት የሚወፍር ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም።

አልደፋነውም። ገሚሱን አቅጥነን ለቀለም አዋልነው፤ የቀረው ጣሳዎቹ ላይ ወረቀት መለጠፊያ ሆነ። እንደ ሙጫ ነበር የሚይዘው።

ከዚያ ወዲህ አሞኒያውን ቀደም አድርጌ ስጨምር ወዲያው ይወፍርልኝ ጀመር። ገባኝ ብዬ ተደሰትኩ። ደስታዬ ግን አዲስ የመጣውን ጆንያ እስክንከፍት ድረስ ነበር። ያኛው ዱቄት አሞኒያ ሳያይ፣ ገና ውኃ ሲነካው ጓጎለ። ጋሼ ጓሉን በወንፊት እያወጡ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ታክሲ ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ተገናኘን።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«አንዱ ዱቄት አልወፍር ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሳልነካው ይጓጉላል።»

«የተለያዩ ናቸዋ!»

«ሁለቱም ጆንያ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ነገ እንዳይጓጉል ቀስ እያልኩ እነሰንሰዋለሁ» አልኳት። የፊተኛው ዱቄት አሞኒያ እስኪያገኝ እንዳይወፍር ተለብጦ የሚመጣ፣ አዲሱ ግን ያልተለበጠ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።