የባዘዘው ዓይን

ባዘዘው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የኖረው በዓይኑ ነው። ሌላው የደባርቅ ሰው በበሬው፣ በሱቁ ወይም በጠመኔው ያድራል፤ እሱ ግን የፓርክ ስካውት ነው። ትከሻው ላይ ክላሽ ያንጠለጥላል እንጂ ክላሹ ለወጉ ነው፤ እንጀራው ዓይኑ ነበረ። እንግዳ ይዞ ወደ ስሜን ሲወጣ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥና እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፋል። እጁ ብድግ ካለ መኪናው ይቆማል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሾፌር የለም። እንግዶቹ ባይኖኩላራቸውን ከማኅደሩ እስኪያወጡ ድረስ እሱ ገደሉ ማዶ የተኙትን ዋልያዎች ቆጥሮ፣ ወንዱን ከሴቷ ለይቶ፣ ቀንዱ የተሸረፈው የትኛው እንደሆነ ሳይቀር ነግሯቸው ይጨርሳል። ሾፌሮቹ «ባዘዘው ያላየው ዋልያ ገና አልተወለደም» ይሉ ነበር። ይህን ሲሰማ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ግን ደስ ይለዋል።

መቼም ሰው በተሰጠው ነገር ቢኮራ ክፋት የለውም። የባዘዘው ኩራት ግን አንድ ጊዜ ሰው አሳስሯል። ነገሩ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ገዱ የሚባል የጃናሞራ ገበሬ ገደል አፋፍ ላይ ያለች የገብስ ማሳው ውስጥ ቀንዳም ነገር ሲግጥ አየና ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ እግሩን ሰበረው፤ ያ ፍጥረትም እያነከሰ ሄዶ ገደል ገባ። ዋልያ ነበር። ገዱ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ የጎረቤት ፍየል መስሎኝ ነው፣ ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል ብሎ በመድኃኔ ዓለም ማለ። ዳኛው የዋልያን ነገር የሚያውቅ ሰው ይቅረብ ሲሉ የተጠራው ባዘዘው ነው። የተጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው በእርግጥ ዋልያን ከፍየል መለየት ሊያቅተው ይችላል ወይ?

«ዋልያና ፍየል የማይለይ ዓይን በስሜን አልተፈጠረም» አለ ባዘዘው።

ንግግሩ አምሮለት ነበር፤ ከታዳሚውም የሳቀ አልጠፋም። ገዱ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ሲወጣ ማሳውን ወንድሞቹ ያርሱታል፣ ዓይኑም ጨርሶ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ቡይት ራስ አጠገብ መንገድ ዳር ካገባች ልጁ ዘንድ ተጠጋ። ባዘዘው በዚያ ቤት በኩል ባለፈ ቁጥር ከሾፌሩ ጋር ወሬ ይጀምራል።

የእሱ ዓይን የጀመረው በማሳከክ ነው። የዓይን ማዝ ደጋውን ሁሉ የለመደ በሽታ ስለሆነ ማንም አይደነግጥለትም። የባዘዘው ሽፋሽፍት ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን መፋቅ ያዘ። ሚስቱ የትናየት በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ራሱን ጭኗ ላይ አስተኝታ በወረንጦ ትነቅልለታለች፤ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ይበቅልና እንደገና ይፍቀዋል። ዕድሜ ልኩን ለሌላው ሲያይ የኖረ ሰው የራሱን ነገር ለማየት ዓመታት ፈጀበት። በመጨረሻ ጎንደር ወርዶ ሲመረመር ሐኪሟ ምነው ቀደም ብለህ ብትመጣ አለችው። የዓይኑን ቆብ በቀዶ ጥገና ማስተካከል ይቻላል፤ የተቧጨረው ብሌን ግን ጠባሳ ሆኗልና የሄደው አይመለስም አለችው። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ መፋቁም ቆመ። ጭጋጉ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ እየተጠጋ መጣ።

ይህን ከየትናየት በቀር ያወቀ የለም። ቢታወቅ ስሙ ከስካውቶቹ የተራ ወረቀት ላይ ይሰረዛል፣ ክላሹንም ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? መሬቱን የፓርክ ሥራ አለኝ ብሎ ለእኩል አራሽ ሰጥቶታል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ በማስታወስ ማየት ጀመረ። ዋልያ እንደ መነኩሴ ሰዓቱን ጠባቂ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ወዳለበት ጠርዝ ይወጣል፣ ረፈድ ሲል ወደ ጥላው ይወርዳል። ባዘዘው ቦታውንም ሰዓቱንም በቃሉ ስለሚያውቅ እጁን ያነሳና «እዚያ፣ ከጅብራው ዛፍ ዝቅ ብሎ» ይላል፤ እንግዶቹም ፈልገው ያገኙታል።

ደግሞም እንግዳ ራሱ ጠፍቶ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ደግሞ የመንገዱ ነገር፤ ሊማሊሞን ከጭነት መኪና በቀር የሚወርደው የታጣበት ጊዜ ነበር። ሌሎቹ ስካውቶች ተራ አልደርስ አለን ብለው ሲያማርሩ ባዘዘውም አብሯቸው ያማርራል። በልቡ ግን ባይደርሰው ይመርጥ ነበር። ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል፣ ሥራው እንዳይመጣም ይፈራል። እንዲህ ሆኖ መኖር ይቻላል፤ እሱ ሦስት ዓመት ኖሮበታል።

ኅዳር ላይ ተራው ደረሰው። እንግዶቹ መምህር ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ጡረተኛና ልጃቸው ኤልሳቤጥ ነበሩ። መምህሩ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ዋልያን ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ እየጠቆሙ አሳይተዋል እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ልባቸው ታማሚ ነው፤ ሐኪማቸውም ከፍታ አይስማማዎትም ብሏቸዋል። ልጃቸው ግን አባቴ ሲያስተምር የኖረውን አገር ሳያይ መቅረት የለበትም ብላ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ከፓርክ ፓርክ ታዞራቸዋለች። አዋሽ ላይ ሳላ አይተዋል፣ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ አይተዋል። አሁን በጎንደር መኪና ተከራይተው፣ ዳባት ቁርስ በልተው፣ ደባርቅ የገቡት ለመጨረሻው ነው። ይህ ካልተሳካ ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ኤልሳቤጥም ይህንኑ ለባዘዘው በለሆሳስ ነገረችው። እሱም አይዞሽ፣ አሳያቸዋለሁ አላት።

ሾፌሩ ማዕረግ የዳባት ልጅ ነው። ደጉን ዘመን ከባዘዘው ጋር ስለሠራ መንገዱን ሁሉ የአያ ባዘዘውን ዓይን ሲያወድስ ወጣ። መምህሩም እየሳቁ፣ እንግዲህ በአንተ ተማምነናል አሉ። ሳንቃ በርን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ እጁ ተነሳ፤ መኪናው ሲቆም ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከመንገዱ በታች ሣር ሲነጩ ተገኙ። ጭላዳ ስለሚንጫጫ ዓይን አይፈልግም፣ ጆሮ ይበቃዋል። ሽማግሌው እንደ ልጅ ደስ አላቸው፤ ባዘዘውም ለአፍታ የድሮው ሰው የሆነ መሰለው።

ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ሲደርሱ ረፋድ ነበር። ማዕረግ ከመኪናው አልወረደም። ባዘዘው አባትና ልጅን ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደና ከቀዩ ዓለት ዝቅ ብሎ፣ ከጅብራው አጠገብ ተመልከቱ አላቸው። መምህሩ በባይኖኩላር ቆይተው ተመለከቱ። ልጃቸውም ተቀበለቻቸውና ተመለከተች። ምንም የለም። ባዘዘው መልካቸው ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው፣ ተኝተው ይሆናል፣ ታገሱ አለ። እነሱም ታገሱ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ያለከልካሉ፤ ኤልሳቤጥ አንድ ጊዜ ዓለቱን፣ አንድ ጊዜ የአባቷን ፊት ታያለች። ለባዘዘው ገደሉ ላይ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ዋልያዎቹ ቦታ ቀይረው ይሁን እዚያው ይኑሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ አይታዩኝምና እንሂድ ማለትም አይችልም።

ይህን ጊዜ ከበስተኋላቸው ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ዘወር ሲል ከመኪናው አጠገብ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ግራጫ ቡናማ ነገር ቆሟል። ቀንድ አለው። በዚያው ሳምንት ከብትና ፍየል ፓርኩ ውስጥ እየገባ ነው ተብለው ስካውቶቹ ሁሉ ተገስጸው ነበር። እንግዳ ፊት፣ ያውም በእሱ ተራ፣ የመንደር ፍየል መንገድ ላይ መቆሙ አናደደው። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ።

«ሂድ ከዚህ! የማን ፍየል ነው?»

ድንጋዩ የኋላ እግሩን መታው። ኤልሳቤጥ ስትዞር ቆልመም ያለ ትልቅ ቀንድ ከአፋፉ ማዶ ሲሰወር ብቻ አየች። መምህሩ በትራቸውን አስተካክለው እስኪዞሩ አቧራው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ማዕረግ ከመኪናው ወረደ። እንስሳው እንዳይደነግጥ ብሎ በመስኮት እጁን አውጥቶ ድምፅ ሳያሰማ ሲጠቁማቸው ቆይቶ ነበር።

«አያ ባዘዘው፣ ምን ነካህ? ዋልያ ነው እኮ። ትልቁ ወንድ ነው።»

ባዘዘው እጁን ተመለከተ፤ አቧራው አለበት። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። ዋልያው አልተመለሰም። የሽማግሌው ከንፈር መጥቆር ሲጀምር ኤልሳቤጥ በቃ እንውረድ አለች። ባዘዘውን ቀና ብላ አላየችውም፤ እውነቷን ነው። መምህሩ ግን መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ዓይንህን ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመህ ብለው ጠየቁት። ሦስተኛ ክረምቴ ነው አላቸው። ተማሪዎች ሲያጭበረብሩ ብዙ አይተዋልና አልተቆጡም። የፓርኩ በር ላይ ዘበኛው ዋልያ አያችሁ ወይ ሲላቸው፣ አዎ አይተናል ብለው መለሱ። ባዘዘው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እጁ ዳሽቦርዱ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ቡይት ራስ አካባቢ ሲደርሱ ግን ብድግ አለ። ማዕረግ በልማድ ፍሬን ያዘና አውሬ ፍለጋ ግራ ቀኙን ቃኘ። ምንም አልነበረም፤ መንገድ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ብቻ ናት። ባዘዘው ከዚህ በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ ወረደና መምህሩን ይቅር ይበሉኝ አላቸው። እሳቸውም እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አሉት። መኪናው ሄደ።

የቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር። ሰው ይሁን ጆንያ እስኪናገር ድረስ አልለየውም።

«ማን ነህ?» አለ ገዱ።

«ባዘዘው ነኝ።»

ገዱ መሬቱን በእጁ ዳብሶ በትሩን አገኘና ያዘው፤ ግን አልተነሳም።

«ፍየል መስሎኝ ነበር፣ አያ ገዱ» አለ ባዘዘው።

ያን ቀን ፍርድ ቤት የተባለው ቃል ነው፤ ገዱ ወዲያው አወቀው። ይስቃል ወይም ይራገማል ብሎ ባዘዘው ጠብቆ ነበር። አንዱንም ቢያደርግ ቀለል ይለው ነበር። ገዱ ግን፣

«ፊትህን ስትታጠብ እጅህ ይታይሃል?» አለው።

«እስካሁን ይታየኛል።»

«እንግዲያው ገመድ ፈልግ። ከቤትህ በር እስከ ሽንት ቤቱ፣ ከዚያም እስከ ጓሮ ዘርጋው። በወገብህ ልክ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ይጥልሃል። እኔ በጊዜው እስር ቤት ነበርኩና ሳልዘረጋ ቀረሁ። አሁን ልጄ እየያዘች ታወጣኛለች፤ እሷ ገበያ ስትሄድ እዚሁ እውላለሁ። አንተ እያየህ ሳለህ ዘርጋው።»

ባዘዘው ጎኑ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ክላሹን ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቦ የእኔን ስም ከተራው ወረቀት አውጡት አላቸው። ከዚያ ገበያ ገብቶ ገመድ ይዞ ቤቱ ሄደ። የትናየት ክላሹን ትከሻው ላይ ስታጣው ሁሉን ተረዳች፤ የገመዱ ነገር ግን አልገባትምና ጠየቀችው። ነገራት። እሷም አንደኛውን ጫፍ ያዘችለት።