ድርሰት ላልሰማ ሰው

አሥረኛ ክፍል እያለሁ ድርሰት ለምን እንደሚጻፍ አይገባኝም ነበር። ስለ ውሃ ጥቅም ጻፉ እንባላለን። የውሃን ጥቅም አስተማሪው ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። ታዲያ ለማን ነው?

ታላቅ ወንድሜ በሞተ በሁለተኛው ወር «የማልረሳው ቀን» የሚል ርዕስ ተሰጠን። አስተማሪያችን «መግቢያ ማለት ሰላምታ ነው፤ ሰው ቤት ሄዳችሁ ዘላችሁ ጉዳይ አትናገሩም» አለን። ሰላምታማ እችላለሁ። በእኛ አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ጀመርኩ። በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ» ብዬ ደገምኩ። ቤቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ሣሩስ? ገጹ ሞላ። ደስ አለኝ። ወደ ቀኑ መድረስ አልፈለግሁም ነበር።

አስተማሪው ጮክ ብሎ አነበበው። «አንተ ልጅ፣ ገና በር ላይ ቆመሃል እኮ! መቼ ነው የምትገባው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ቲቸር፣ ግን ለማን ነው የምጽፈው?» አልኩት።

ደብተሬን መለሰልኝ። «ነገሩን ላልሰማ ሰው። ሰኞ ጨርሰህ አምጣ።»

ተቸገርኩ። ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ከሚሴ ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለሱ አንዳንድ ነገር አውርቷል። እናታችንም ሁሉንም ሰምታ ጨርሳለች። አዲስ ነገር የሚነግራት አልነበረም።

ከዚያ ፍየሏ ትዝ አለችኝ።

ለዒድ ከገበያ የገዛናት ናት። ወንድሜ የኋላ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር ጫናት። መንገድ ላይ ሰው እጁን ሲያነሳለት «ሞልቷል! የታመመች ሴት ይዣለሁ!» ይላል። ፍየሏም ከውስጥ ትጮሃለች። እኔ በሳቅ ስንፈራፈር፣ ለእናታችን የገዛላትን ሻሽ ጫፉን በላችው። «ወላሂ እንዳትናገር!» አለኝ። ለእሷም «እማ፣ የዘንድሮ ፋሽን እንዲህ ነው» ብሎ ሰጣት።

ይህን ጻፍኩ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ሻሹ ላይ ስደርስ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ፍየል የበላው ነው?»

«አዎ።»

«አድርጌው ሰርግ ሄጄ! ጎረቤቴ ከየት ነው ስትለኝ፣ ከደሴ የመጣ ነው ብዬ ኮራሁባት እኮ! አላህ ይዘንለት፣ ይሄ ቀጣፊ!»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ደብተሬ ጠጋ አለች።

«ሌላስ? ሌላ የደበቃችሁኝ የለም?»

ነበረ። ብዙ ነበረ። ግን በአፍ መንገሩ ከበደኝ።

«ቆይ፣ ልጻፈው» አልኳትና አዲስ ገጽ ገለጥኩ።