አስተዳዳሪውን አነጋግሩ

ከአረካ እስከ ገሱባ ባለው አገር የእኔን ኮቴ ሰምቶ ያልተነሳ ኮምፒውተር የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ከሆነም ከእውነቱ ያነሰ ጉራ ነው። ወር ሙሉ የተኮራመተ ፕሪንተር እኔ በር ላይ ስደርስ ሳል ሳል ብሎ ወረቀት ሲተፋ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ሶዶ ውስጥ አሉ። በመሥሪያ ቤታችን ስሜ ማቴዎስ መሆኑን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለኛል። ኢንጂነር አይደለሁም። ግን አላረምኳቸውም፤ ሰው በወደደው ስም ይጥራኝ ብዬ ነው።

ይህን ካወቃችሁልኝ ልቀጥል። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ አልፎ፣ የበሬው ሥጋ ገና ከሆዳችን ሳይወርድ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው ኮምፒውተር ስላስቸገረኝ አይደለም። ኮምፒውተርማ ሁልጊዜ ያስቸግራል። ያን ቀን ግን ኮምፒውተሩ ትክክል ነበር።

የእኛ ቢሮ አሠራር እንዲህ ነው። የዞኑ የጤና ሠራተኛ መረጃ በሙሉ የሚቀመጠው ከተማው ማዶ በሌላ ግቢ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨር እንለዋለን። እኛ ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን በየራሳችን ኮምፒውተር በኩል ወደዚያ እንገባለን። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው ይኸው ነው፤ እጅህ እዚህ፣ ሥራህ እዚያ። ይህን ሁሉ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እርግጥ የገጠመው ሳሙኤል የሚባል የሐዋሳ ባለሙያ ነው፤ እኔ መሰላሉን ይዤለት ነበር።

በዚያ ሳምንት የቢሯችን ኮምፒውተሮች በሙሉ በአዲስ ተተኩ። የድሮዎቹ ለየወረዳው ታደሉ። አዲሶቹ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ጠረጴዛ ላይ ተሰየሙ፤ የሰው ሀብት ክፍሏ አስቴርማ "አቧራ ይገባበታል" ብላ የስክሪኑን ላስቲክ እንዳንልጥ ከልክላን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ብርቱካን አስቴር ክፍል መጣች። ከገሱባ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ናት። ባሏና ትንሹ ልጇ ሶዶ ናቸው፤ ልጁን የምታሳድግላት እህቷ ናት። ወደ ሶዶ የምትዛወርበት ጥያቄ በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሲስተሙ ውስጥ ካልገባ ለዓመት ይተላለፋል። ለምን እስከ መጨረሻው ቀን ቆየች እንዳትሉ። ቀደም ብላ መጥታ ነበር፤ አዲሶቹን እስክገጥም "ነገ" ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። በማግስቱ ደግሞ እሷ ምጥ የያዛትን ሴት ጥላ መምጣት አልቻለችም።

"ልጄ የሚያውቀኝ በስልክ ነው" አለችን፣ አስቴር ወንበር ስትስብላት። "ሰው ሁሉ ሲስተር ሲለኝ ይሰማል። ቤት ስደርስ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? 'ሲስተር መጣች'። እማዬ የሚለው እህቴን ነው።"

ብላ ሳቀች። ሳቁ ለእኛ ሲባል የተሳቀ ነበር።

"ዛሬ ያልቃል ሲስተር" አልኳት፤ "እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል?"

አስቴር ስሟንና የይለፍ ቃሏን አስገባች። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና ወደ ሰርቨሩ በር አደረሳት። ከዚያ በሩን ዘጋባት። አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ አለ።

እኔም እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። መስመሩን ፈተሽኩ፤ ሰርቨሩ አቤት ይላል። የይለፍ ቃሏን ፈተሽኩ፤ ልክ ነው። በሌላኛው አዲስ ኮምፒውተር ሞከርኩ፤ ያው መልእክት። በሦስተኛውም ያው። ማውሱን ቀየርኩ። ማውስ በዚህ ነገር ውስጥ ምንም ድርሻ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲያይህ አንድ ነገር መቀየር አለብህ። ቴሌን አማሁ፣ መብራት ኃይልን አማሁ፣ ጣሪያ ላይ ያለችውን አይጥ አማሁ። አይጧ ግን የዚያን ቀን ከጥፋቱ ነፃ ነበረች።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለች ሲስተር፣ መልእክቱን እያየች።

"ለዚህ ኮምፒውተር የሚሰጥ ፈቃድ አልቋል፤ አስተዳዳሪውን አነጋግሩ ነው የሚለው።"

"ታዲያ እናነጋግረዋ። ማነው አስተዳዳሪው?"

አስቴር ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ደግ። እና ምን ይላሉ?" አለችኝ።

 ሰርቨሩ ወዳለበት ግቢ ደወልኩ። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ሻንቶ ለቅሶ ሄዷል፣ ስልኩም ተዘግቷል አሉኝ። በመጨረሻ ሳልወድ በግዴ ሐዋሳ፣ ሳሙኤል ጋ ደወልኩ። በዚህ መሃል ኃላፊያችን አቶ ጴጥሮስ ገቡ። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ዳናም ከኋላቸው አንገቱን አስግጎ ቆመ፤ ወሬ ባለበት ጋሽ ዳና አይጠፋም።

"ድምፁን ልቀቀው፣ ሁላችንም እንስማ" አሉኝ አቶ ጴጥሮስ። ለቀቅኩት። ሕይወቴን ሙሉ ከሠራኋቸው ስህተቶች ትልቁ ይህ ነው።

"ፈቃዱ፣ ላይሰንስ የምንለው፣ የተገዛው በመሣሪያ ቁጥር ነው" አለ ሳሙኤል። "ወደ ሰርቨሩ የገባ መሣሪያ ሁሉ፣ ኮምፒውተርም ይሁን ስልክ፣ አንድ ያነሳል። ካነሳ ደግሞ ለወራት አይመልስም። ግን ስንገዛ ለድሮዎቹም ለሚተኳቸውም እንዲበቃ አድርገን፣ ከዚያም በላይ ተርፎ ነው። ኢንጂነር፣ ከቢሮ ኮምፒውተር ሌላ የገባ መሣሪያ አለ?"

"በፍጹም" አልኩ። "እኔ እያለሁ ማን ይገባል?"

አስቴር የጸሎት ሰው ናት፤ ሐሰት ከአፏ አይወጣም፤ እኔንም እንደ ወንድሟ ትወደኛለች። ሳሙኤል የተጠራጠረኝ መሰላትና ክብሬን ልትጠብቅልኝ ተነሳች።

"ኧረ ሳሙኤል፣ ጋሽ ማቴዎስን አታውቀውም ማለት ነው" አለች ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ። "እሱ እንኳን በቢሮ ኮምፒውተር፣ በማንም ስልክ ነው የሚከፍተው። እህቴ ሰርግ ላይ በወንድሜ ስልክ ከፍቶ ሲያሳየን እኮ ሰው ሙሽሪትን ትቶ እሱን ነበር የከበበው።"

እግሯን ረገጥኩ።

"እግሬን" አለች።

"በልጄም ስልክ ከፍቷል" አለ ጋሽ ዳና ከበሩ ሆኖ፣ ድርሻው እንዳይቀርበት። "ያቺ የተሰነጠቀች ስልክ። እሷን እንኳ አልናቃትም።"

"የእኔንስ ምን ትላላችሁ" አሉ አቶ ጴጥሮስ፣ እየሳቁ። "ቁርጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ ጣቱ ዳጣ እንደነካ፣ መንግሥትን የሚያህል ሰርቨር ስልኬ ላይ ዘረገፈልኝ። ከዚያ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ጠየቀው፣ የእሱም ላይ። ከዚያ ሥጋ ቆራጩ..."

እዚህ ላይ አቶ ጴጥሮስ ሳቃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። ዞረው አዩኝ።

ስልኩ ውስጥ ሳሙኤል፣ ሐኪም በሽተኛውን በሚጠይቅበት ድምፅ "ሌላስ?" አለ።

ሌላማ ምን እላችኋለሁ፤ እኔው ተናዘዝኩ። ጊፋታ ነበራ። በጊፋታ ሰው ዘመድ ይጠይቃል፤ አረካ ያሉት የሚስቴ ዘመዶች ደግሞ ብዙ ናቸው። አንዱ ቤት ሥጋ፣ አንዱ ቤት የእንሰት ምግባችን ሙቹዋ እየቀረበልኝ ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ በየቤቱ ስልክ ተቀብዬ "እዩ፣ እዚህ ተቀምጬ ቢሮ ነኝ" እያልኩ ሰርቨሩን አሳይቻለሁ። ከውጭ የሚያስገባውን መንገድ የከፈትኩትም እኔው ነኝ። የአማቴ ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ፤ መጀመሪያ መነጽራቸውን አላደረጉም ነበር።

"ስለዚህ" አለ ሳሙኤል፣ "የቢሮውን ፈቃድ የያዙት አማቶችህ ናቸው።"

"ሥጋ ቆራጩም አለበት" አለ ጋሽ ዳና።

  ሲስተር ብርቱካን ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከፈተችና ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"በእኔም ስልክ አለ" አለች። "ለሥልጠና ገሱባ የመጡ ጊዜ። ሻይ ዕረፍት ላይ 'ሲስተር፣ ስልክሽን አምጪ' ብለውኝ። ረሱት?"

ረስቼው ነበር። ሳያት ግን አስታወስኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ጉራጌ ዞን ሄጄ ብወጣ ደስ ባለኝ። ይህች ሴት ልጇ እናቱን እማዬ ብሎ እንዲጠራ የምትጠብቀውን ቀን፣ እኔ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨዋታ አሳጥቻታለሁ።

"መሰረዝ አይቻልም?" አሉ አቶ ጴጥሮስ።

"ይቻላል" አለ ሳሙኤል። "ግን ሰርቨሩ ጋ ሆኖ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ነው የሚያስመልሰው።" ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊል ነው፣ ቁልፉ ሻንቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የእኔ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል። ግን አራት ሰው ሰምቷል። ሐሳቡ የሲስተር ነው።

"ይህ ኮምፒውተር የማይገባው ፈቃድ ስለሌለው ነው አይደል?" አለች። "የእኔ ስልክ ደግሞ ፈቃድ አለው። ታዲያ ለምን በስልኬ አንገባም?"

እኔና ሳሙኤል እኩል አፈርን። ልዩነቱ እሱ ሐዋሳ መሆኑ ነው፤ ፊቱን ያየው የለም።

"ይገባል" አለ ሳሙኤል። "በደንብ ይገባል።"

ስልኩ ቻርጁ ሊያልቅ ቀይ እያሳየ ነው። ቻርጀር ተገኘ፤ የግድግዳው ሶኬት ላላ ያለ ስለሆነ ጋሽ ዳና በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። "ከነቃነቅከው ልጁ አክስቱን እማዬ እያለ ያድጋል" አሉት አቶ ጴጥሮስ። ጋሽ ዳና ከዚያ በኋላ ትንፋሹንም በልክ አደረገው።

ሲስተር ነካ አደረገችው። የእኔ ስምና የይለፍ ቃል እዚያው ተቀምጦ ስለነበር ያለ ጥያቄ ተከፈተ። ሰርቨሩ መዳፏ ላይ ቁጭ አለ። አራቱም ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ስክሪኑን። አስቴር አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አይ ኢንጂነር" አለ ጋሽ ዳና።

"ጊዜ የለንም፣ ዝም ብላችሁ ሥራው ውስጥ ግቡ" አልኩ። ለምን እንደተቻኮልኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ፊደሏ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። አስቴር መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ ታነባለች፣ ሲስተር በአውራ ጣቷ ትጽፋለች። ስም፣ ጤና ጣቢያ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የጥያቄው ምክንያት። ምክንያቱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። "ቤተሰብን ለማገናኘት ይባላል" አለቻት አስቴር፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ጻፈችው። መዝግብ የሚለውን ስትነካ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከር ጀመር። እኔ በሕይወቴ ብዙ የሚሽከረከር ነገር አይቻለሁ፤ ያን ያህል ዙሯ የረዘመ ግን አላየሁም። ከቆይታ በኋላ "ተመዝግቧል" አለ። ሰዓቱ ገና አልሞላም ነበር።

አስቴር "ጌታ ይመስገን" አለች። ጋሽ ዳና ሶኬቱን ልቀቅ እስኪባል አልለቀቀም።

ሲስተርን ይቅርታ ጠየቅኳት። "እርስዎ ባይከፍቱት ኖሮ ዛሬ በምን እንገባ ነበር?" አለችኝ። ይህ ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሰኞ ዕለት ባለ ቁልፉ ተመልሶ፣ ሳሙኤል በስልክ እየመራኝ የአማቶቼን ፈቃድ ጥቂት በጥቂት አስመለስን። የይለፍ ቃሌን አስቀየረኝ፣ ከውጭ የሚያስገባውንም መንገድ አዘጋኝ። አቶ ጴጥሮስ ብዙም አልተቆጡኝም፤ የቁርጥ ቤቱ ነገር እሳቸውንም ይነካል።

ዝውውሩ ተፈቀደ። ከጥቂት ወራት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ ሲስተርን አየኋት፤ ልጇን እጁን ይዛዋለች። ልጁ አንጋጦ አየኝና ጣቱን ቀስሮ "እማዬ፣ የስልኩ ሰውዬ" አላት። እማዬ ያለው እሷን ነው። ያን እየሰማሁ ቆሜ ባጃጁ ጥሎኝ ሄደ፣ ግድም አልሰጠኝ።

አሁን ያን ቀን ሳስበው ግማሹ ያሳፍረኛል፣ ግማሹ ያስቀኛል። ልጁ ከየት አወቀኝ ለምትሉ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የእናቱ ስልክ መጨረሻ የተከፈተውን ገጽ በትንሹ ቀርጾ ያስቀራል፤ ልጁ ስልኩን ሲነካካ የሚያየው ያንን ነው። ከእነዚያ ሁሉ ስልኮች በአንዱም ቢሆን አንዲት መስመር የቢሮ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የምከፍተው ሰርቨሩ ሲከፈት የሚታየውን የጀርባ ሥዕል ለሰው ለማሳየት ነበር፤ ያን ቀን ያስቸኮለኝም እሱ ነው። ሥዕሉ የእኔ ፎቶ ነው፤ የተዋስኩትን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ክንዴን አጣጥፌ።