ዘርፌ ሳትጠይቅ የቀረችው ነገር

ዘርፌ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። በ1986 ልጇ ሳምራዊት ከሰባተኛ ክፍል ስታቋርጥ «ትምህርቱ አልገባኝም» አለቻት። ዘርፌም የልጅ ነገር ብላ ተወችው። ሳምራዊት ሾላ ገበያ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ደወሉ ከተደወለ በኋላ፣ ዘርፌ የሴቶችን ሽንት ቤት ልታጥብ ስትገባ ፈቲያ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘቻት።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«ቀሚሴ ተበላሸ። ወንዶቹ አይተው ሳቁብኝ። ከእንግዲህ አልመጣም፣ እትዬ።»

ዘርፌ ከነጠላዋ ቀድዳ ሰጠቻትና ወደ መጋዘን ወስዳ ቀሚሷን አጠበችላት። ፈቲያ ቀሚሱ እስኪደርቅ ስትጠብቅ፣ ከክፍሏ ሦስት ሴቶች በዚሁ ምክንያት እንደቀሩ ነገረቻት። ዘርፌ ሳሙናውን ወደ ቦታው እየመለሰች ሳምራዊትን አሰበች፤ እሷም የቀረችው ከሰባተኛ ክፍል ነበር።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ልጇ ዘንድ ሄደች።

«ያኔ ትምህርት የተውሽው የወር አበባ መጥቶብሽ ነው?»

ሳምራዊት ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም። «አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ዘርፌ አላለቀሰችም። እንባዋ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። ውስጧ እንደ ደነዘዘ እግር ሆነባት። ከልጇ ጎን ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ትለይላት ጀመር።

ቅዳሜ አቡጀዲና ለስላሳ ጨርቅ ገዛች፤ ሱቅ የሚሸጠው ሞዴስ በእሷ ደመወዝ የሚደፈር አልነበረም። ቆርጣ፣ ደራርባ የወር አበባ መጠበቂያ አድርጋ በእጇ ሰፋችው። ዳይሬክተሩን አቶ ገብረአምላክን ልጃገረዶቹ የሚለውጡበት የመጋዘኑን አንድ ጥግና ውሃ ጠየቀቻቸው። ሰውየው አፈሩ፤ መስኮት መስኮቱን እያዩ «የሴት ጉዳይ ነው፤ እርስዎ እንዳሉ ያድርጉት» ብለው ቁልፉን ሰጧት።

ፈቲያ ወሬውን አደረሰች። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተመለሱ። ሦስተኛዋ ተድራ ነበር።

ዘርፌ ሳምራዊትን ማታ እንድትማር ብትለምናት «አሁንማ አለፈ» አለቻት። እሁድ እሁድ ግን ጨርቁን አብራት ትቆርጥ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት ፈቲያ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷን ይዛ እየሮጠች መጣች። «አለፍኩ፣ እትዬ ዘርፌ!»

«እሰይ፣ እሰይ ልጄ» ብላ ሳመቻት። ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ደጁ ላይ ቆማ ደስታውን ጠበቀችው። ቢቆይባት፣ ለምዝገባ የመጡት አዳዲስ ልጆች የሚያልፉበትን ኮሪደር ወልውላ ለመጨረስ ገባች።