አባቴ የውርርድ ቤት ሲመርጥ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ሎተሪ እንኳ ቆርጦ የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከቴፒ ደውሎ፣ «ልጄ፣ ለእረፍት ስትመጪ አንድ ነገር ታግዢኛለሽ፤ የታመነ የኳስ ውርርድ ቤት እየፈለግኩ ነው፣ በስልክ የሚጫወቱበትን» ሲለኝ መጀመሪያ ሌላ ሰው በስልኩ የደወለ መሰለኝ። እኔ ሚዛን ተፈሪ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ዴስክ ሥር ስልክ ደብቀው ቲኬት ሲቆርጡ እየነጠቅኩ ነው የምውለው። አሁን ደግሞ አባቴ!

«አባዬ፣ አሞሃል?» አልኩት።

«እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድምሽ ነው» አለኝ።

የወንድሜን ነገር በከፊል ሰምቼ ነበር። ከእኔ በኋላ የተወለደ አንድ ወንድም ነው ያለኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቴፒ ከአባቴ ጋር ቀርቶ ቡናውን አብሮት ይሠራል። ልጁ ለኳስ ነፍሱን ይሰጣል፤ ያው እንደ እኩዮቹ ይወራረዳል፣ ብሩ ይበላል፣ ይናደዳል፣ ደግሞ ይወራረዳል። በዚያ ሰሞን ማንም የማያውቀው አንድ ድረ ገጽ ላይ ተወራርዶ አሸነፈ። ለጓደኞቹ ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። ገንዘቡን ላውጣ ሲል ግን ገጹ ተዘግቶ ጠበቀው። ስልካቸው አይነሳ፣ መልእክቱ አይመለስ፣ ድራሻቸው ጠፋ። ልጁን ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበው መሳቂያ መሆኑ ነው። ሰፈሩ «ባለጸጋው መጣ» እያለ ሲቀልድበት ጊዜ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ከቱም ከተማ ወዲያ ወርቅ ቁፋሮ ሊወርድ ወሰነ። መኪና ተገኝቶ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሻንጣው አልጋ ሥር ተቀምጧል።

ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ቁፋሮ ላይ ጉድጓድ ተደርምሶበት ቀርቷል። ለለቅሶው ድንኳን ከተከሉት አንዱ አባቴ ነበር። ከቀብር ሲመለስ ሳይበላ ተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ወርቅ የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሳም። እና ልጁ ሊሄድ ነው ሲባል ምን ያህል እንደፈራ ማንም ሳይነግረኝ ይገባኛል።

ቴፒ እንደደረስኩ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው የጮህኩበት። «ልጁን ተው ማለት ሲገባህ አንተው ቁማር ቤት ትፈልግለታለህ?» አባቴ የቡና ማስጫው አልጋ ላይ የተዘረጋውን ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ቡና፣ በእጁ እየገለበጠ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«ተው ብዬዋለሁ። ሰማኝ? አትሂድ ብዬዋለሁ። ሰማኝ? ስለዚህ ሌላ ነገር አልኩት። ከሄድክ ሂድ፣ ግን አንድ ሌባ ስለዘረፈህ ሁሉም ሌባ ነው ብለህ ከአገር አትወጣም። የማይዘርፍ ቤት መኖር አለመኖሩን አብረን እንይ፣ ከዚያ ትሄዳለህ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀብኝ። ግን እሺ አለ።»

የአባቴን ዘዴ ለመረዳት ቡና ሲሸጥ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ገዢ ሲመጣ ናሙና ያሳየዋል። ሰውየው አይቶ፣ አሽትቶ፣ ዋጋ ሲጠራ አባቴ ድንገት፣ «ዛሬ አልሸጥም፤ ናሙናዬን መልስልኝ» ይለዋል። የሚሸጥ ቢሆንም እንኳ እንዲህ ይላል። ናሙናውን ሳይጎድል፣ ፊቱን ሳያጨፈግግ የሚመልስ ሰው ፈተናውን አለፈ። የተቆጣ፣ ወይም እጁን የያዘው፣ ወይም እስከ በር ተከትሎ የለመነው ወደቀ። ከጌጫ የሚመጡ ነጋዴዎች ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ ገና ሲገቡ ናሙናውን ራሳቸው ይመልሱለትና ይሳሳቃሉ። እሱም ይስቃል፤ ፈተናውን ግን አይተውም።

የውርርድ ቤቶቹንም እንዲሁ ሊፈትን ነው። ትንሽ ብር ገቢ ያደርጋል፣ አንድም ጨዋታ ሳይነካ መልሱልኝ ይላል። የውርርድ ቤትን በቡና ገዢ ሥርዓት የሚመዝን ሰው ከአባቴ ሌላ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። ሥራ ተከፋፈልን። እኔ ፈቃድ እንዳላቸው አጣራለሁ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ውል አነባለሁ። ወንድሜ ስልኩን ይነካካል። አባቴ ይፈርዳል። ኔትወርኩ የሚይዘው ማስጫው አልጋ ጥግ ላይ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ቡና እየለቀሙ ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው ቤት ብሩን በቅጽበት ተቀበለ። ይመለስ ስንል ግን መጀመሪያ ካልተጫወታችሁበት አይወጣም አለን። እኔ ውሉ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፤ እውነትም ተጽፏል፣ ማንም በማያየው ቦታ። አባቴ አልተናደደም። «እጄን ያዘኝ» አለና አሰናበተው።

ሁለተኛው ገና ስንመዘገብ ያስገባነውን ያህል ቦነስ ጨመረልን። ወንድሜ ዓይኑ በራ። አባቴ ግን ስልኩን የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው ገፋው። «ሳልጠይቀው ዋጋ የጨመረልኝን ሰው ሁሉ በኋላ ሚዛን ላይ ሲያጎድልብኝ ነው የያዝኩት። ዝጋው!» ወንድሜ ዘጋው። በነጋታው «ናፍቀኸናል» የሚል መልእክት ላኩለት። አባቴ አንብብልኝ ብሎ ሦስቴ አስነበበውና፣ «የት ነው የምንተዋወቀው?» አለ። ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ለሦስተኛው አባቴ ራሱ ካልደወልኩ አለ። ድምፁን ከፍ አድርገን ሁላችንም ሰማን።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልርዳዎት?»

«መጋዘናችሁ የት ነው? አንድ ቀን መጥቼ ባየው ብዬ ነው።»

«መጋዘን እንኳን የለንም አባት፤ በኦንላይን ነው የምንሠራው።»

«ይሁን። ከቴፒ ወይም ከሸኮ የሚያውቃችሁ ሰው አለ? ዋስ የሚሆናችሁ?»

ልጅቷ፣ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብላ ሙዚቃ ለቀቀችብን። አባቴ ሙዚቃውን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በአክብሮት አዳመጠ። መስመሩ ሲቋረጥ፣ «ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ቤቱ ግን ሰው አያውቀውም» ብሎ ፈረደ። ያችን ልጅ ግን ወደዳት። በሳምንቱ ውስጥ ደህንነቷን ለመጠየቅ ሁለቴ ደውሏል፤ ሁለቴም ሌላ ሰው ስላነሳው ተከፋ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳምንቱ አለቀ። ወደ ቁፋሮው የሚወስደው መኪና ሰኞ ማለዳ ይነሳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዘረዘርናቸው አንድ ቤት ብቻ ቀረን። ፈቃዱን አየሁ፣ ትክክል ነው። ውሉ በሚነበብ ፊደል ተጽፏል። ከዚህ በላይ አልጫወትም ብሎ ራስን መገደቢያ አለው፤ አካውንቱን መዝጊያውም ፊት ለፊት ነው። ቦነስ አልወረወረልንም። ወንድሜ ብሩን አስገባ፣ ወዲያው ይመለስልኝ አለ። አባቴ አንድ እፍኝ ጀንፈል ጆሮው አጠገብ አንቀጫቅጮ፣ ደርቆ እንደሆነ ሰምቶ፣ መልሶ ሳይበትነው ስልኩ ጮኸ። ብሩ ተመልሷል። ሳንቲም አልጎደለም።

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ተገኘ፣ ጨረስን፣ ማለት ነው። ዞር ብዬ አባቴን ሳየው ግን ፊቱ ጠቁሯል። እፍኙን እንደጨበጠ ቀርቷል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ያ የታመነ ቤት እንዳይገኝ ሲጸልይ ነበር። ፍለጋው እስካላለቀ ልጁ ማስጫው አልጋ ጥግ ላይ፣ ጎኑ ተቀምጧል። አሁን አለቀ። ቃሉን የሰጠ ሰው ስለሆነም ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ይኸኛው ታማኝ ነው» አለ።

ወንድሜ ስልኩን አየ፣ የአባቴን እጅ አየ።

«አባዬ፣ እኔ ይሄን ቤት አላመንኩትም» አለ።

«ምን አጠፋ?»

«ፈጠነ። እንደዚህ ተጣድፎ ናሙና የሚመልስ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? አንድ ነገር ቢኖረው ነው።»

ጉድ! ፈቃዱን ያጣራሁት እኔ፣ ውሉን ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት እኔ። እንዲህ ዓይነት ጅል ምክንያት ክፍል ውስጥ ተማሪ ቢያመጣብኝ አላልፈውም። አፌን ከፈትኩ፤ ወንድሜ በዓይኑ ተለማመጠኝ፤ ዘጋሁት።

አባቴ ቀስ ብሎ እፍኙን ማስጫው ላይ በተነው። «እኔም ጠርጥሬው ነበር» አለ።

በጌጫ በኩል ደመናው እየመጣ ነበር። ወንድሜ ተነስቶ ለጓደኞቹ ደወለ። «እናንተ ሂዱ፤ እዚህ የጀመርነው ሥራ አላለቀም» ሲል ሰማሁት። ተመልሶ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘ፣ አባቴ ሌላውን ያዘ፣ ቡናውን ከዝናብ መሸፈን ጀመሩ። አባቴ ጎንበስ እንዳለ፣ ወደ ልጁ ሳያይ ጠየቀው።

«የቀረ ቤት አለ እንዴ?»

«ሞልቷል አባዬ» አለው ወንድሜ ሸራውን እየወጠረ። «ተፈትኖ አያልቅም።»