ከአኪታ የመጣው ጠርሙስ

ኢሳቡሮ ኒጋታ ከተማ ውስጥ የወለል ሰሌን እየሰፋ የሚኖር ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ዮሺኖሪ በዚያው ከተማ ሠላሳ ስምንት ክረምት ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ጠምቋል። ኢሳቡሮ ዕድሜውን ሙሉ ከወንድሙ ሳኬ ሌላ አፉ አስገብቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለውም፤ እንዲያው ነውር ይመስለዋል።

ባለፈው መኸር ግን ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አኪታ ወደሚባል ሩቅ ስፍራ ፍል ውሃ ሄዶ የዚያን አገር ሳኬ አንድ ጠርሙስ ገዛ። ቤቱ ሲገባ በፎጣ ጠቅልሎ ደበቀው። እሑድ ረፋድ ላይ ሚስቱ ሱሚዬ አገኘችው።

«ምነው፣ ውሽማ የደበቅክ አስመሰልከው!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ማን? ድመቷ?» ብላ ሁለት ስኒ አቀረበች።

ቀመሱት። ለስለስ ብሎ ይወርድና የበሰለ ኮክ ሽታ አፍ ውስጥ ይተዋል። ኢሳቡሮ ስኒውን አስቀመጠ። ከወንድሙ ሳኬ ይበልጣል። በጣም ይበልጣል።

ይሄኔ ዮሺኖሪ በሩን ከፍቶ ገባ። ሱሚዬ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሥር ሸጎጠችው፤ ስኒዎቹ ግን እንደተቀዱ ቀሩ።

«ያለ እኔ ትጠጣላችሁ?» ብሎ የኢሳቡሮን ስኒ አነሳ።

«ያንተው ነው ጋሼ» አለ ኢሳቡሮ። ለምን እንዲህ እንዳለ እሱም አያውቅም።

ዮሺኖሪ ጠጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። «የዘንድሮው እንዲህ ወጥቶልኛል እንዴ? እኔ እኮ ሰግቼ ነበር!» ፊቱ በራ። የሰው ሳኬ ገና ሲያሸተው የሚለይ ሰው ነበር። ሱሚዬ አቀረቀረች።

ኢሳቡሮ ሦስት ቀን ሥራ አልያዝ አለው። በአራተኛው ቀን ወንድሙ የሚሠራበት መጥመቂያ ግቢ ድረስ ሄደ።

«ጋሼ፣ የእሑዱ ያንተ አልነበረም። ከአኪታ ያመጣሁት ነው። ዋሸሁህ።»

ዮሺኖሪ የያዘውን ባልዲ ሲያጥብ ቆየ። «ከታመምኩ ወዲህ ማሽተት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመቴ። የምትቀምስልኝ ረዳቴ ቺሆ ናት። ያንተው ነው ስትለኝ አመንኩህ፤ ደስም አለኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«አንተን ምን ልበልህ? እኔም ሰው ስዋሽ ነው የከረምኩት።»

በሳምንቱ ዮሺኖሪ ማሽተት እንደማይችል ለመጥመቂያው ባለቤት ነግሮ ሥራውን ለቺሆ አስረከበ። ሰው ሁሉ ደግ አደረገ አለ። ኢሳቡሮ ግን «ያንን ስኒ ከእጁ ብቀማው ኖሮ እስከ ዛሬ ጠማቂ ነበር» ይላል።

አሁን ዮሺኖሪ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ሰሌን ይሰፋለታል። ስፌቱ ጠማማ ነው። እሱ ሲሄድ ኢሳቡሮ ይተረትርና እንደገና ይሰፋዋል። ይህንንም እስካሁን አልነገረውም።